ዝናብ ጠራጊው

ሰውየው ስም ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ ነበረው፣ በስሙ የሚጠራው ሰው ግን አልነበረም። ፎቶ ቤት በነበረው ዘመን ሠፈርተኛው «ፊት አጣቢው» ብሎ አወጣለትና በዚያው ጸና። ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ሙሽራ ከነብጉሯ ትመጣለች፤ ፎቶዋን ስትወስድ ብጉሩ የለም። ሽማግሌ የልጅነት ጠባሳውን ግንባሩ ላይ ይዞ ይገባል፤ ሲወጣ ጠባሳው እዚያው ፎቶ ቤት ይቀራል። ጫፏ እንደ መርፌ በቀጠነች ብሩሽና በጥቂት ቀለም፣ እግዜር ቸኩሎ የተወውን እሱ ተረጋግቶ ያስተካክለው ነበር። አንዳንዱ ደንበኛ የገዛ ፎቶውን አገላብጦ አይቶ «ይሄ ማነው?» ይላል፤ ቢሆንም መልሱን ሳይጠብቅ አመስግኖ ይወጣል።

ኋላ ስልክ ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆነ። ይባስ ብሎ ስልኩ ራሱ ፊት ማጠብ ተማረ። ፊት አጣቢውም ፎቶ ቤቱን ዘግቶ፣ ባለሦስት እግሩን ካሜራና የብሩሾቹን ቆርቆሮ ታቅፎ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት ክፍሏ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጥግ ለቀቀችለት። «ካሜራህ ይቁም፤ አንተ ግን ቁጭ በል፤ ሁለት የቆመ ነገር ክፍሉ አይችልም» አለችው። ካሜራውም ብዙ ሳይቆይ የቀሚስ መስቀያ ሆነ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ያደገችው በፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል፣ በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ሽታ ውስጥ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ «ፎቶ አንሺ እሆናለሁ» ስትል አባት በደስታ ሊበር ምንም አልቀረው።

«ታዲያ ያለ ካሜራ ነው» አለች ቀጥላ።

«ያለ ምን?»

«ያለ ካሜራ፣ አባዬ።»

«እሰይ! እናትሽም ያለ መርፌ ትስፋ፣ እኔም ያለ አፍ ልጉረስ፣ ቤታችን ይመርበት» አለ።

የልጅቱ ሥራ እንዲህ ነበር። ወረቀት ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ቀለም የሚያወጣ መድኃኒት ትቀባና ጨለማ ውስጥ ታደርቀዋለች። ከዚያ ጠቅልላ ወንዝ ትወርዳለች። ወረቀቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር ታስተኛውና ጠርዙ ላይ ድንጋይ ትጭንበታለች፤ የወንዙ ሣር፣ አረፋው፣ አሸዋው እንደፈቀደው ይመጣበታል። ፀሐይ ያገኘው ሰማያዊ ይሆናል፤ ጥላ ያረፈበት ነጣ ብሎ ይቀራል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ታጥበዋለች፤ አለቀ። ሕግ ብላ ያወጣችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከውሃውና ከፀሐዩ በቀር ሥዕሉን የማንም እጅ አያርመውም። የራሷም ቢሆን።

አባት ይህን ሁሉ የሚያውቀው በስማ በለው ነው። ልጅቱ ራሷ ልትነግረው በጀመረች ቁጥር አስጨርሷት አያውቅማ።

«ዛሬ ወንዙ ፈገግ አለልሽ ወይስ ዐይኑን ጨፈነ?» ይላታል።

«ወንዝ ብጉር የለውም፤ አንተን የደበረህ ለዚህ ነው» ትለዋለች።

ይሳሳቃሉ። ግን ሳቁ ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል። ቀስ በቀስ ልጅቱ ነገሯን ሁሉ ይዛ ወደ ስፌት መኪናው ጥግ ዞረች። እዚያ ከእናቷ ጋር ይንሾካሾካሉ፤ እሱ ጠጋ ሲል «ምንም አይደል» ይባላል። ይህ ነገር ፊት አጣቢውን ከልቡ ያሳዝነው ነበር። ልጁ የምትሠራውን ማወቅ፣ ከተቻለም በአንድ ነገር ገብቶ ማገዝ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ስንት ዘመን የቀለደበትን ነገር «እስቲ ንገሪኝ» ብሎ መለመን ለኩራቱ ከበደው። ስለዚህ ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ የሚያነብ እየመሰለ ይውላል።

በዚህ መሃል ለልጅቱ ዕድል መጣላት። አንድ ትልቅ የሥዕል አዳራሽ ሥራዎቿን ሊያሳይላት ተስማማ። ከበሩ ሲገቡ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ብቻውን ይሰቀላል፤ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ ስለሷም የሚያስበውን የሚያስበው እሱን አይቶ ነው። ያንን ሥዕል ልጅቱ ጣውላ ላይ እንደተወጠረ ታክሲ ጣሪያ ላይ አስጭና ወላጆቿ ቤት አመጣችው። በር የሚያህል ወረቀት ነው፤ የተከራየችው ክፍል አይችለውም።

«አባዬ፣ ፍሬም ሠሪው እስኪደርስለት ጠብቅልኝ። አቧራ አይንካው። ካሉኝ ሁሉ የምወደው እሱን ነው» አለችው። የራሷን ሥራ በአደራ ስትሰጠው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ደግሞም ልትነግረው ፈለገች። «ይሄን የሠራሁ ቀን እኮ፣ አባዬ፣ ልክ እንደተንበረከክሁ...»

«ወንዙ ክራቫት አስሮ መጣ?» አላት።

አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል። ልጅቱ ፈገግ አለች፣ ጉንጩን ሳመችውና ሌሎቹን ሥዕሎች ለመስቀል ወደ አዳራሹ ሄደች።

ብቻውን ሲቀር ፊት አጣቢው መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። የሚያየው ሰው ስለሌለ እንደልቡ አየ። ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። የወንዝ ሣር ነጭ ሆኖ ከታች ወደ ላይ ይዋኛል። መሃል ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ጥላ አለ፤ ጭንቅላት፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ፀጉሩ አናት ላይ የተጠቀለለ። ልጅቱ ወደ ጎን ስለዞረች አፍንጫዋ ይታያል፤ አፍንጫው የእናቷ ነው። ውሃው ዳር ተንበርክካ የገዛ ጥላዋን ወረቀቱ ላይ ጥላዋለች። «ቆንጆ ነው» አለ ፊት አጣቢው፤ ራሱን ሲሰማ ደነገጠና ሚስቱ እንዳልሰማችው ዞር ብሎ አረጋገጠ።

ከዚያ ነጠብጣቡን አየ።

ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር፣ የልጅቱን ጥላ ጭምር፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ነጣ ያለ ነጥብ ወሮታል። «አይ ልጄን!» አለ። ወይ መድኃኒቱ ተረጭቶባታል፣ ወይ ስታጥበው ውሃው ቆሽሾ ነበር። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የፊት አጣቢው ልጅ ብጉር በብጉር የሆነ ወረቀት ይዛ ሕዝብ ፊት ልትቆም ነው።

አልተናደደም፤ አዘነላት። ከኀዘኑ ሥር ደግሞ አንድ ደስታ ብቅ አለ። ይቺ እንኳ የኔ ሥራ ናት! ካሜራ ይኑረውም አይኑረው፣ ማጽዳት እንደሆነ ማን እንደኔ! እሷ ሳትጠይቀው፣ እሱም ሳይለምናት፣ ወደ ልጁ ሥራ የሚገባበት በር ተከፈተለት። የብሩሾቹን ቆርቆሮ ከቁም ሣጥን ላይ አወረደ።

ሰማያዊውን ማግኘት ብቻ ረፋዱን ፈጀበት። አንዱን ሲቀላቅል ወደ ወይን ጠጅ ይሄድበታል፣ ሌላውን ሲቀላቅል የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሆንበታል። በመጨረሻ ልክ ሲመጣለት እንደ ጎረምሳ አፏጨ። ሚስቱ በዚያ ሰሞን ለሠርግ ልብስ ልኬት ደንበኛ ቤት ነበር የምትውለው። ስትመለስ እሱ ሥዕሉን በአንሶላ ይሸፍነዋል። «ምን ደብቀህ ነው?» ስትለው «አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ አይታይም» ይላል ኮራ ብሎ።

ነጥብ በነጥብ ሄደበት። እስትንፋሱን ይይዛል፣ ብሩሹን ጠቆም ያደርጋል፣ ይተነፍሳል። ዳር ዳሩን ጨርሶ ወደ ጥላው ሲገባማ እጁ ጭራሽ ለሰለሰ፤ ከግንባሯ፣ ከአፍንጫዋ ጫፍ፣ ከትከሻዋ ላይ እያንዳንዷን ለየብቻዋ አነሳላት። ሲያልቅ ቀለሙ እንዳይለቅ የሚያደርገውን ፈሳሽ በላዩ ቀባ። የትም ያለ ባለሙያ በማጉያ መነጽር ቢፈልገው ፈለጉን አያገኝም። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ሚስቱ ከውጭ ስትገባ አንሶላውን እንደ ሐውልት መራቂ ገፈፈላት።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ አየች። ቀረበች። ራቀች። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዐይኗ አወረደች።

«ዝናቡስ?» አለች።

«የቱ ዝናብ?»

«እዚህ ላይ የነበረው ነዋ!»

ፊት አጣቢው ወደ ጣሪያው አየ፤ የሚያፈስ ነገር የለም።

«ልጅህ እኮ ይሄን የሠራችው ጅብ ስትወልድ ነው» አለችው ሚስቱ። «ፀሐዩ ቦግ እንዳለ ዝናቡ ወረደባት። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ጠቅልሎ ይሮጣል፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ጠብታው ሲወድቅ መድኃኒቱን እያጠበ፣ እያንዳንዷ የወደቀችበትን ምልክት ትታ ሄደች። ስንቴ ለዚህ ብላ ተመላልሳለች መሰለህ! ፀሐይና ዝናብ ቀጠሮ ይዘው አይመጡ። የዚያን ዕለት አንተ ሳትኖር ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ እዚህ ገብታ፣ እኔ ፀጉሯን ሳደርቅላት እሷ ‹ያዝኩት እማዬ፣ ያዝኩት› ትላለች።»

«ለኔ ማን ነገረኝ?»

«መች አስጨረስካት?»

ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ቁጭ አለ።

«በል እንጠበው፤ ቀለሙ ይልቀቅ» አለች፤ ልብስ ሰፊ ናትና ለችግር ሁሉ ማጠብ ይታያታል።

«አይለቅም» አለ በደከመ ድምፅ። «ማስያዣ ቀብቼዋለሁ። ዝናብ ቢዘንብበት እንኳ አይለቅም።»

ሴትዮዋ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲሉ እሰማ ነበር። አባት ያቦካው ደግሞ ለቁርስም አይደርስ!»

«አትሳቂብኝ። የልጄን ሥራ ገደልኩት።»

ይህን ሲል እሷም ሳቁን ተወችው። «ደውልና ንገራት» አለች።

«እስከ ነገ ታገሺኝ።»

«ነገ ምን ልትሆን?»

«መልሼ ላዘንበው ነው።»

በማግስቱ ማልዶ ነጭ ቀለም በጥብጦ ቁጭ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ነጥብ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ ነጥብ ጣል ሲባል እጁ አልታዘዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ተሰልፈው የቆሙ ሆኑ።

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየች። «ይሄ ዝናብ ነው ቁልፍ? ቁልፍ ከሆነ ቀዳዳውን እኔ ልሥራልህ።»

«ነፋሱ በየት በኩል ነበር?»

«እኔ ነኝ እንዴ ያዘነብኩት?»

ጠረጋቸውና ሌላ ዘዴ ፈለገ። ጣቱን ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ጎንበስ ብሎ ያጠና ጀመር። ከፍ ካለ ቦታ የወደቀች ጠብታ ዳር ዳሯ ይቆራረጣል። ዝቅ ካለ የወደቀች ድፍን ናት። ሁለት ሲጎራበቱ አንዷ ሌላዋን ትውጣለች። እያየ ሳለ ያጠፋቸው አንድ በአንድ ትዝ ይሉት ጀመር፤ እዚህ ጋ ጭራ ያላት ነበረች፣ እዚያ ጥግ ላይ መንትዮች ነበሩ፣ ከሣሩ ሥር ቀለበት የሠራች ነበረች። ከዚያ በኋላ እጁ ፈታ አለለት። ትዝ ያሉትን በየቦታቸው መለሰ፣ ትዝ ያላሉትን ደግሞ እንደመሰለው ጨመረ።

«እግዜር በቅጽበት የጨረሰውን አንተ ምሳህን ዘለህ ልትውልበት ነው» አለች ሚስቱ። ቢሆንም የሚበላ ነገር አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት፤ ነጭ ቀለም በነካው እጁ ሲጎርስም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ መጣች። አባት ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ወደኋላ አለና ቆመ። እናት የስፌት መኪናዋን አቆመች። ልጅቱ ቀረብ ብላ አየች። አባት ላታውቅ ትችል ይሆናል ብሎ አሰበ። ዝም ቢል ሥዕሉ ይሰቀላል፣ ሰው ያጨበጭብላታል፣ የእሱም ጥፋት ተሰውሮ ይቀራል። ግን ልጁን እያየ ዝም ማለት አላስችል አለው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ቆሻሻ መስሎኝ አጠፋሁት። እናትሽ ስትነግረኝ መልሼ ሣልኩት። ይሄ ያንቺ ዝናብ አይደለም፣ የኔ ነው። ይቅር በይኝ።»

«አውቄያለሁ» አለች።

«ከምኑ? ጠብታ አይመስልም?»

«ይመስላል። ጥሩ አድርገህ አዝንበሃል። ግን እኔ ላይ አልዘነበም።»

አባትና እናት እኩል ወደ ወረቀቱ ዞሩ። እውነቷን ነው። ሣሩ ላይ ዘንቧል። ዳሩ ላይ ዘንቧል። በጥላዋ ዙሪያ እስከ ጠርዙ ድረስ ወርዷል። ጥላዋ ላይ ግን፣ ከፀጉሯ እስከ ትከሻዋ፣ አንዲት ጠብታ የለችም። በዚያ ሁሉ ዝናብ መሃል ደርቃ ተንበርክካለች።

«ምነው ዘለልከኝ?»

«አላስተዋልኩም» አለ። አልዋሸም። «ፊት ላይ ነጥብ መጣል እጄ አያውቅበት ይሆናል። ደግሞ ያንቺ ፊት ላይ...» አለና ብሩሹን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ ቀልድ ልትወረውር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ልጅቱ አባቷን አቀፈችው። እንዳቀፈችውም «በጣም ተናድጄብሃለሁ» አለችው ጆሮው ሥር። «ያ ዝናብ ተመልሶ አይመጣም።»

«አውቃለሁ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«ተናድጄብሃለሁ፤ ይሄን ደግሞ ለማንም አልሰጥም። እኔ ክፍል ይገባል፣ ጣሪያውን አስነስቼም ቢሆን።»

«አዳራሹስ?»

«እጅ ያልነካው ነው ብዬ እጅ የነካውን ልስቀል? አይሆንም።»

«እና ያ ሁሉ ግድግዳ ባዶውን ሊቀር ነው?»

«ባዶውን አይቀርም። አጥፊው አንተ ነህ፤ አንተ ትቆምበታለህ። ለጠየቀህ ሁሉ ምን እንደነበረ ትነግራለህ። ካሳህ ይሄ ነው።»

«ምን እንደነበረ መቼ ነግረሽኝ?»

«አሁን ልንገርህ። ታስጨርሰኛለህ?»

ፊት አጣቢው ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ልጅቱ ከመጀመሪያው ጀመረችለት፤ ከመድኃኒቱ አቀባብ፣ ከወንዙ ጠባይ፣ ደመና ስትጠብቅ ከዋለችባቸው ከንቱ ቀናት። መሃል ላይ ሁለቴ ቀልድ መጣበት። ሁለቴም ዋጠው፤ ሚስቱ ጉሮሮው ላይ ሲወርድ አየሁት ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች።

ትርኢቱ በተከፈተ ዕለት ሚስቱ የተኮሰችለትን ኮት ለብሶ ባዶው ግድግዳ ፊት ቆመ። የአዳራሹ ኃላፊ ሌላ ሥዕል ካልሰቀልኩ ብላ ከልጅቱ ጋር ተከራክራ ነበር፤ አልተሳካላትም። ከበሩ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነጭ ግድግዳና እጁን የት እንደሚያደርገው የጨነቀው አንድ ሰውዬ ሆነ። አንዱ ዘበኛ መስሎት መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀው፤ ፊት አጣቢውም አሳየው። ሌላው ደግሞ፣ ሰውየው ራሱ የትርኢቱ አካል መስሎት፣ ዙሪያውን ዞሮ አየው። ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ ቆማ አፏን በሻርፗ ሸፍና ትስቃለች።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ቀረብ ብላ «እዚህ ምን ነበር?» አለችው።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ዝናብ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ከዚያ ነገራት። ወንዙን፣ ሣሩን፣ ፀሐይና ዝናብ የተገናኙባትን ያቺን ጥቂት ጊዜ ነገራት። ቆሻሻ መስሎት እንዴት እንዳጠፋውም አልደበቃት። እጁ ቦታ አገኘ፤ ጣቱን ባዶው ግድግዳ ላይ እያሳረፈ «እዚህ ጭራ ያላት ጠብታ ነበረች፤ እዚህ መንትዮች፤ እዚህ ደግሞ ቀለበት የሠራች፣ ከሣሩ ሥር» ይል ጀመር። ሌሎች ሰዎች ቆሙ፤ ዐይናቸው ጣቱን ተከትሎ ነጩን ግድግዳ ይዞረዋል።

«ልጅቷስ የት ጋ ነበረች?» አለችው ሴትዮዋ።

«እዚህ» አለ። እጁ እዚያ ሲደርስ ቆም አለ። የሰው ሁሉ ዐይን እሱ ላይ ነው። ጣቱን ቀስ ብሎ ከፍ አደረገ።

«ግንባሯ ላይ አንዲት ትልቅ ጠብታ ነበረች» አለ። «አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንዲት፣ ልትወርድ የደረሰች። አንገቷ ላይ ሁለት። ትከሻዋ ላይማ ተደራርቦባታል፤ ፀሐይ ነው ብላ ሹራብ እንኳ አልደረበችም። በስብሳ ነው ቤት የገባችው።»

ልጁ ከኋላው ቆማ ትሰማው ነበር። «አባዬ...» አለች።

«ቆይ፣ ልጨርስ» አላት ፊት አጣቢው፣ ዐይኑን ከግድግዳው ሳያነሳ። «ገና ፀጉርሽ ላይ አልደረስኩም።»